ከቀላድ እስከ ኩንታል፦ ባሌ ምን ከፈለ፣ ምን አገኘ?

በባሌ፣ በሲናና ሜዳ ኮምባይነሮች ስንዴውን አጭደው ሲጨርሱ ሁለት ዓይነት ሒሳብ ይጀመራል። አንደኛው የጽሕፈት ቤት ሒሳብ ነው፦ ወረዳው ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያና ከእርሻ ገቢ ግብር ምን ያህል ሰበሰበ፣ ከዕቅዱ ስንት በመቶ ደረሰ፣ ስንት መማሪያ ክፍል ተሠራ፣ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ተጠረገ። ሁለተኛው የገበሬው የቤት ሒሳብ ነው፦ ማዳበሪያው ስንት ፈጀ፣ ኮምባይነሩ በኩንታል ስንት ወሰደ፣ ስንዴው በስንት ተሸጠ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ተረፈ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ መንግሥት ነው፤ ግን አንዱ የሚቆጥረውን ሌላው አይቆጥረውም።

ልዩነቱ የዛሬ አይደለም። ባሌ በሦስት ሥርዓተ መንግሥታት ስለ ግብር ተሟግቷል፤ በአንደኛው ዘመን ነፍጥ አንሥቶ ሰባት ዓመት ያህል ተዋግቷል። ሆኖም ግብሩ በሰው ኑሮ ላይ ምን አደረሰ፣ ወጪውስ ምን ለወጠ የሚለው ጥያቄ በቅጡ ሲመረመር የታየው ከስንት አንዴ ነው። እኔ እንደማየው የችግሩ ሥር፣ በደረሰኝ የተከፈለውን ብቻ ግብር ብሎ፣ በሲሚንቶ የቆመውን ብቻ ውጤት ብሎ መቁጠር ነው። በባሌ ከባዱ ሸክም በደረሰኝ አልመጣም። በመሬት ልኬት መጣ፣ በኮታ መጣ፣ በዋጋ መጣ። ይህን ያልቆጠረ ምዘና የቱንም ያህል ሠንጠረዥ ቢደረድር ግማሹን ነገር ትቶታል።

በጋሻ 50 ብር

ባሌ እስከ 1952 ዓ.ም. ገደማ በሐረርጌ ሥር ነበር፤ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን ዋና ከተማው ጎባ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የተለካን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎት ነበር። በአንድ ጋሻ ለም መሬት ላይ 15 ብር ግብርና 35 ብር በአስራት ፋንታ፣ በድምሩ 50 ብር ተጣለ። ለም ጠፍ 40፣ ጠፍ ደግሞ 15 ብር ይከፈልበት ነበር። በ1940 የትምህርት ግብር፣ በ1951 የጤና ግብር ተጨመረ። ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለሆነ ተመኑ በወረቀት ሲታይ የሚያስሸፍት አይመስልም።

የሚያስሸፍተው ሌላ ነበር። ግብር ለመጣል መሬቱ መለካት አለበት፤ የመለኪያ ገመዱ፣ ቀላዱ፣ ሲጣል ደግሞ ባለይዞታው ካስመዘገበው በላይ የተገኘው «ትርፍ» ተብሎ ወደ መንግሥት ይዞራል። የባሌ ሰው ሀብቱ በአመዛኙ ከብት ነበር። መንጋ በወቅቱ እየተዘዋወረ የሚሰማራበት ግጦሽ ደግሞ ቀላድ ይዞ ለመጣ ሹም ባለቤት የሌለው መሬት ይመስላል። ጠፍ የሆነው ለም ተብሎ ይመዘገባል፤ ለለኪውና ለመዝጋቢው መማለጃ ይሰጣል፤ ከፍሎ ደረሰኝ ያላገኘ እንደገና ይጠየቃል። ውዝፍ የተጠራቀመበት መሬት ወደ መንግሥት ይዞታ ይገባና ለሹማምንት፣ ለወታደሮች፣ ከሌላ አገር ለመጡ ሰዎች ይታደላል። በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ የሚነበበው ጥቂት ብር ውዝፍ ነው፤ በቤተሰቡ ላይ የደረሰው ግን ከባለመሬትነት ወደ ጭሰኝነት መውረድ ነው። ከባሌ የተሰበሰበውን ብር ብቻ የደመረ ሰው ይህን በፍጹም ሊያየው አይችልም።

በ1955 ዓ.ም. አካባቢ በኤልከሬና በደሎ የተነሣው አመፅ በዋቆ ጉቱ መሪነት እስከ 1962 ዘለቀ። ፍጻሜውን ያገኘው ከጦሩና ከአውሮፕላኑ ይልቅ በድርድር ነው፤ በዚህም የጄኔራል ጃገማ ኬሎ ስም ይነሣል። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፉ የባሌን፣ የትግራይንና የጎጃምን አመፆች ጎን ለጎን አስቀምጦ መርምሯል። የመሬትና የግብር በደል በባሌ ምን ያህል ሥር እንደነበረው ከእሱ ሥራ መረዳት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የባሌ አመፅ የግብር አመፅ ብቻ አልነበረም። ሙስሊሙና ኦሮሞው ከሹመት መገለሉ፣ የሰፋሪውና የነባሩ ግንኙነት፣ አዲስ ከተመሠረተችው ሶማልያ የመጣው የጦር መሣሪያ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ታዲያ ግብሩ ምን ያህሉን እንዳመጣ በምን ይታወቃል? በማነጻጸር ነው። አርሲ ተመሳሳይ ተመን እየከፈለ እንደ ባሌ ያለ ረጅም ውጊያ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ የተመኑ መጠን ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል ጎጃም ክርስቲያን ነው፣ በቋንቋም በባህልም ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነው፣ ከሶማልያም ጋር አይዋሰንም፤ ሆኖም አስራትን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር የተከለው አዋጅ በ1960 ሲወጣ ተነሣ። ገበሬው ልኬቱና ግምቱ ርስቱን ለመንጠቅ የመጣ መስሎታል። በመጨረሻም መንግሥት አፈገፈገ፤ ውዝፉም ተሰረዘ። ሁለቱን አስተያይቶ የተመለከተ የሚደርስበት ነገር ግልጽ ነው፦ የግብር ውጤት በምጣኔው ብቻ አይወሰንም፤ ማን ገመተ፣ በምን ለካ፣ ያልከፈለ ሰው ምን ያጣል የሚሉት ጥያቄዎች ከምጣኔው ይበልጣሉ።

ኮታ

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያጠፋ በባሌ ታሪክ ትልቁን የሀብት ሽግግር አደረገ። ገበሬው ለባለመሬት ይሰጠው የነበረውን እህል በጎተራው አስቀረ። በሚቀጥለው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 77/1968 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ተተከለ፤ የዛሬው አሠራርም የዚያ ልጅ ነው።

ነገር ግን የደርግ ዘመን እውነተኛ ግብር የነበረው ኮታ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው የተመደበለትን እህል በተተመነ ዋጋ ይረከባል፤ የገበያው ዋጋ ከዚያ እጅግ ይልቃል። የሁለቱ ልዩነት ደረሰኝ አይቆረጥለትም፣ በበጀት መጽሐፍም አይገባም፤ ግብር ነው ግን። በወጪ በኩል ደግሞ መንግሥት ለእርሻ ካዋለው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የወሰዱት የመንግሥት እርሻዎች ናቸው። በአገር ደረጃ የሚያርሱት መሬት ከጠቅላላው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። የሲናና ሜዳ ከእነዚህ እርሻዎች ዋና መናኸሪያዎች አንዱ ነበር፤ አጠገቡ ያለው ገበሬ ትራክተሩና ማዳበሪያው በአጥሩ ወዲያ ሲሄድ እያየ ኮታውን ያስረክብ ነበር። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ተነሣ። እንዲህ ያለውን ሥርዓት በተሰበሰበው የእርሻ ገቢ ግብር ብቻ የመዘነ ሰው የደርግ ግብር ቀላል ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ደረሰኙ ያልያዘው

ዛሬ ገበሬው ቀበሌ ሄዶ የሚቀበለው ደረሰኝ ትንሽ ወረቀት ናት። ስም፣ ዘመን፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የእርሻ ገቢ ግብር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ሁለቱንም የሚሰበስበው ክልሉ ነው፤ አዲስ አበባ አይደርስም። መሠረቱም በአመዛኙ የመሬት ስፋት ነው። ይህ ለሰብሳቢው ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ገበሬ ትርፍ ከመገመትም ይሻላል፤ ግምት ምን እንደሚያመጣ ቀላድ አሳይቷልና። ነገር ግን ሁለት ሄክታር ጥቁር አፈር ያለውና ሁለት ሄክታር ተዳፋት ያለው እኩል አይደሉም፤ ዋግ የመታው ዓመትና የጠገበ ዓመትም እኩል አይደሉም።

ከደረሰኙ ውጭ ያለው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው መዋጮ ነው፦ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለዚህም ለዚያም በዓል። ለተፋሰስ ሥራ የሚሰጥ ጉልበትም አለ። በስሙ ፈቃደኝነት ነው፤ በተግባር ግን ለጉዳይ ቀበሌ የሚሄድ ሰው ሳይከፍል መቅረት ይከብደዋል። ከዚህ ውስጥ ገበሬው ዋጋውን በዓይኑ የሚያየው አለ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አንዱ ነው። ምዘናው ግን ጠቃሚውንም የማይጠቅመውንም መቁጠር አለበት፤ ሁለቱም ከአንድ ኪስ ነው የሚወጡት።

ሁለተኛው ከዕቃና ከአገልግሎት ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ታክስ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ የትራክተር፣ የኮምባይነርና የወፍጮ አገልግሎትን ስም ጠርቶ 2 በመቶ ጥሎባቸዋል። በሕጉ ከፋዩ የኮምባይነሩ ባለቤት ነው። በእውነት የሚከፍለው ማነው? መልሱ በመከር ሳምንት በባሌ ሮቤ ከተማ ዙሪያ ስንት ኮምባይነር እንዳለ ይወሰናል። ሰማዩ ጠቁሮ፣ ስንዴው ደርሶ፣ ማሽኑ ጥቂት ከሆነ ገበሬው የተጠራውን ዋጋ ይከፍላል፤ ታክሱም አብሮ በእሱ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከአርሲ ብዙ ማሽን ከመጣና ባለቤቶቹ ደንበኛ ፍለጋ ከተሻሙ ደግሞ ታክሱ ከባለቤቱ ትርፍ ይቀነሳል። ግብር በሕግ የተጻፈበት ሰውና ሸክሙን የሚሸከመው ሰው አንድ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ነው። ይህ የምጣኔ ሀብት ምሁራን የግብር ምዘና መነሻ የሚያደርጉት ነጥብ ሲሆን፣ የባሌ ገበሬ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

ሦስተኛውና ትልቁ ዋጋ ነው። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን ባበሠረበት ሰሞን፣ የአርሲና የባሌ ገበሬዎች ስንዴያቸውን በኩንታል በ3,200 ብር ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለተመረጡ ገዢዎች ብቻ እንዲሸጡ ተገደድን፣ ገበያው ግን ከዚያ የተሻለ ይሰጣል እያሉ ማማረራቸው በየመገናኛ ብዙኃኑ ተዘግቧል። የመንግሥት ወገንም ምክንያት ነበረው፦ የደላላውን ሰንሰለት ማሳጠር፣ የከተማውን ዳቦ ዋጋ መያዝ፣ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት። ምክንያቱ ይሁን ተብሎ ቢተው እንኳ ሒሳቡ መሠራት አለበት። አንድ ገበሬ 40 ኩንታል ሸጠ እንበል፤ የገበያውና የተተመነው ዋጋ ልዩነት በኩንታል 500 ብር ብቻ ነበር እንበል። 20,000 ብር ትቶ ሄዷል ማለት ነው። ያችን ትንሽ ደረሰኝ ከዚህ አጠገብ አስቀምጦ ማየት ነው።

በዋጋ በኩል የሚወሰደው ሁልጊዜ በትዕዛዝ አይመጣም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት መንግሥት ከውጭ የገዛውን ስንዴ በድጎማ ለዱቄት ፋብሪካዎች ሲያቀርብ ቆይቷል። ሐሳቡ የከተማ ነዋሪን መርዳት ነበር። ነገር ግን ፋብሪካው ርካሽ ስንዴ ሲያገኝ ከሮቤ ለመግዛት የሚከፍለው ይቀንሳል። ብርም ከትክክለኛ ዋጋው በላይ ተሰቅሎ በኖረበት ዘመን ከውጭ የሚገባ ስንዴ በብር ሲታሰብ ረከሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። የብር መውደቅ የስንዴ አምራቹን ሊጠቅም ይገባ ነበር፤ ማዳበሪያው ግን በዶላር ነው የሚገዛው፤ ያገኘውን በአንድ እጅ ተቀብሎ በሌላው ይመልሳል። መንግሥት ለማዳበሪያ የሚያወጣው ድጎማ እዚህ ላይ ይገባል፤ ለገበሬው ከተደረጉ ወጪዎች ወዲያው የሚታየው ይህ ነው፤ ከሒሳቡ መቅረት የለበትም።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። አን ክሩገር፣ ሞሪስ ሺፍና አልቤርቶ ቫልዴስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለዓለም ባንክ በ18 ታዳጊ አገሮች ባካሄዱት ጥናት፣ በገበሬው ላይ ከባዱ ጫና የመጣው በቀጥታ በእህል ላይ ከተደረገው የዋጋ ቁጥጥር ሳይሆን ከምንዛሪ ዋጋና ከንግድ ፖሊሲ መሆኑን አሳይተዋል። ማንም የእርሻ ሚኒስትር ያልፈረመበት ግብር ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከ18ቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ነገሩ ግን ለሲናና ሜዳ የተጻፈ ይመስላል።

ከተሜውም ከዚህ አላመለጠም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ ላይ ግብር የማይከፈልበትን 600 ብር አደረገ። ይህ ቁጥር ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ሲቆይ የጤፉም የቤት ኪራዩም ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። የጎባ መምህር ደመወዙ በብር ሲጨመር የመግዛት አቅሙ ባይጨምርም ወደ ላይኛው የግብር እርከን ይገፋ ነበር። ሕግ ሳይለወጥ ግብር ጨመረ። በ2017 የወጣው ማሻሻያ መነሻውን ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲያደርገው ከተወሰደበት ጥቂቱን መለሰለት። የነጋዴው ጉዳይ ደግሞ በ2009 ክረምት ፈነዳ፤ የቀን ገቢ ግምት በተጣለ ጊዜ በኦሮሚያ በርካታ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። እንደ ቀላዱ ሁሉ የቁጣው መነሻ ግምቱ ነበር።

ወጪው የት ደረሰ?

ገንዘቡ ወደ ባሌ የሚመለስበት መንገድ ይታወቃል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች ይከፋፈላል፤ ኦሮሚያ ከአንድ ሦስተኛ በላዩን ይወስዳል። ክልሉም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣል። የወረዳው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ይህን እንደ ነውር የሚያነሡ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልስማማም። መምህርና ነርስ የሌለበት ሕንፃ ምንም አይሠራም፤ የገጠር አገልግሎት ማለት በመጀመሪያ ሰው ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተመደቡት በደመወዝ በጀት ነው፤ በክትባትና በእናቶች ክትትል የታየው መሻሻል ያለ እነሱ አይታሰብም። እውነተኛው ቅሬታ ደመወዝ ተከፍሎ ለጠመኔ፣ ለመድኃኒት፣ ለሞተር ሳይክል ቤንዚን የሚተርፍ አለመኖሩ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም የወረዳ በጀትን ለጋሾች እንዲደግፉ አድርጎ ነበር። በዚያ ጊዜ የመጣ አንድ ጥሩ ልማድ አለ፤ የወረዳው በጀት በወረቀት ተጽፎ ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዓለም ባንክ ጥናት የወረዳ ወጪ በትምህርት ቅበላ፣ በጤና አገልግሎትና በእርሻ ላይ ለውጥ ማምጣቱን፣ ጥቅሙም ለድሃው ቤተሰብ መድረሱን አሳይቷል። የዚህ ዓይነት ጥናት ጉልበቱ ብዙ ወረዳዎችን ማነጻጸሩ ነው፤ ድክመቱ ደግሞ የተመዘገበውን ተማሪ እንጂ የተማረውን ነገር አለመቁጠሩ ነው።

መንገድን በተመለከተ ስቴፋን ዴርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች ያሉ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ሥራ አለ። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት የድህነትን መጠን በ6.9 መቶኛ ነጥብ ቀንሶ፣ የፍጆታን ዕድገት በ16.3 በመቶ አሳድጎ ተገኝቷል። የልማት ሠራተኛ ጉብኝት ብቻውን የድህነትን መጠን በ9.8 መቶኛ ነጥብ ቀንሷል። ከ15ቱ መንደሮች አንዱም ባሌ ውስጥ አይደለም። ሮቤ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ የእህል አገር ነው። እዚህ መንገድ የሚያመጣው ጥቅም ከአማካዩ ሊበልጥ ይችላል፤ በዚያው መጠን ከ2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣቱ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ገበሬ ይልቅ የባሌውን ይጎዳል፤ ነጋዴው የጭነት ዋጋውን የሚቀንሰው ለስንዴው ከሚከፍለው ላይ ነውና።

በ1999 ሥራ የጀመረው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለምዘና ከባድ ምሳሌ ነው። ተማሪው ከመላው አገሪቱ ስለሚመጣ የትምህርቱ ጥቅም በባሌ አይታጠርም። ለባሌ የቀረለት በሮቤ የቤት ኪራይ፣ የምግብ ቤት፣ የግንባታ ሥራና በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል በኩል የተገኘው ሕክምና ነው። ቀድሞ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ መላክ የነበረበት ሕመምተኛ ጎባ ላይ መታከም ከቻለ፣ የዳነው የጉዞ ወጪና የዳነው ነፍስ በየትኛውም የበጀት ሪፖርት አይታይም። በሌላ ወገን ቤት የሌለው የሮቤ ነዋሪ በኪራይ መናር ከፍሏል። አንድ ወጪ ለአንዱ ገቢ፣ ለሌላው ዕዳ ሆነ።

ከሁሉ ትንሽ የሚወራለት፣ ምናልባትም ከሁሉ የላቀ ጥቅም ያለው ወጪ፣ በ1978 የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። «መዳ ወላቡ»ና «ሶፍ ኡመር» የሚባሉት የስንዴ ዝርያዎች የወጡት ከዚህ ነው። በ2003ቱ መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ በአርሲና በባሌ ሲያወድመው፣ በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ ድገሉ የተባለውን ዝርያ ሲመታ፣ ገበሬው የወደቀው በእንዲህ ያለ ምርምር እጅ ላይ ነበር። ምርምር ጥሩ የሠራበት ዓመት ምንም ያልሆነበት ዓመት ነው፤ ሳይደርስ የቀረ ጥፋት ደግሞ አይመረቅም፣ ሪባን አይቆረጥለትም። ስለዚህ በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚነካው እሱ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

ከምን ጋር ሲነጻጸር?

ዋጉ ሌላም ነገር ያስተምራል። አንድ ሰው በ2005 እና በ2006 መካከል የባሌ ስንዴ ምርት ቀነሰ ብሎ አዲስ የተጣለን ክፍያ ቢወቅስ በሽታውን በግብር ስም ይከስሳል። ዝናብ በሰጠበት ዓመት ደግሞ ሹሙ የሰማዩን ሥራ ለራሱ ይወስዳል። ባሌ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ «ጋና» እና «ቦና» በሚባሉት ወቅቶች፣ ስለሚመረት ነገሩ ይባስ ይደባለቃል። የግብርንም ሆነ የወጪን ውጤት ለማወቅ «ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ» አይበቃም፤ ፖሊሲው ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን መገመት ያስፈልጋል። ያንን ለመገመት ደግሞ ተመሳሳይ ዝናብና ተመሳሳይ አፈር ኖሮት ፖሊሲው ያልደረሰበት ወይም ዘግይቶ የደረሰበት ቦታ ይፈለጋል። ለሲናና የምዕራብ አርሲዎቹ አዳባና ዶዶላ ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው።

በአገር ደረጃ ይህን ለመሞከር ከተደረጉት ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የ2003 ዓ.ም. የቤተሰብ ጥናቶችን ይዞ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ባንክ የድህነት ግምገማ ውስጥ የወጣው ስሌት ነው። ቤተሰቦች የሚከፍሉትን ግብር ሁሉ ቀንሶ፣ የሚያገኙትን ድጋፍና አገልግሎት ሁሉ ደምሮ አየ። በአንድ በኩል የመንግሥት ግብርና ወጪ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቧል። በሌላ በኩል ከአሥር ቤተሰቦች አንዱ ከሒሳቡ በኋላ ወደ ድህነት የወረደ ወይም የባሰ የደኸየ ሆኖ ተገኘ። ከመፍትሔዎቹም መካከል በድሃው ላይ የሚያርፈውን ቀጥተኛ ግብር፣ የእርሻ ግብሩን ጨምሮ፣ ማቅለልና የመብራትና የስንዴ ድጎማውን ለድሃው በቀጥታ መስጠት ይገኝበታል። አማካዩ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ አሥረኛው መጎዳቱ የሚታየው ቤተሰብ በቤተሰብ ሲቆጠር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ስሌት እንኳ በተተመነ የእህል ዋጋና በምንዛሪ በኩል ከገበሬው የሚወሰደውን አይደምርም። ለባሌ ትልቁ መስመር እሱ በመሆኑ እዚያው ወረዳ ላይ መሠራት ይኖርበታል። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፦ በየወሩ የሮቤ፣ የጎባና የዶዶላ የስንዴ ዋጋ፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የገዛበት ዋጋና መጠን፣ የማዳበሪያ ዋጋ፣ በቀበሌ የተሰበሰበ መዋጮ በዓይነቱ። ምሥራቅ ባሌ በጊኒር ማዕከልነት ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ወዲህ የቀድሞውን «ባሌ» ቁጥር ከዛሬው ጋር እንዲሁ ማስተያየት አይቻልም፤ መረጃው በወረዳ ደረጃ ካልተያዘ ተከታታይነቱ ይበጠሳል።

ይህን የሚጠይቅ አካል ማን እንደሆነም ማወቅ ያሻል። በኦሮሚያ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ ምክር ቤት ያላቸው ወረዳዎችና ከተሞች፣ ከዚያም የክልሉ ምክር ቤት የሆነው ጨፌ ናቸው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በገንዘብ አያያዝ ላይ ብቻ ሳይሆን በክዋኔም ላይ ሪፖርት ያቀርባል፤ የእሱ ሥልጣን ግን የወረዳ ስንዴ ዋጋ ድረስ አይወርድም። ስለዚህ ጥያቄው የሚጀምረው ከሲናናና ከጎባ የወረዳ ምክር ቤቶች፣ ከሮቤ ከተማ ምክር ቤትም ነው።

ጊዜውም አሁን ነው። የአገሪቱ የታክስ ገቢ ከጠቅላላ ምርቷ ጋር ሲነጻጸር ከአሥር ዓመት በፊት 12 በመቶ ገደማ የነበረው ወደ 7 በመቶ አካባቢ ወርዷል፤ መንግሥትም ይህን ለመመለስ የተጨማሪ እሴት ታክሱን በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 አስፍቷል፣ ሌሎችንም ሕጎች አሻሽሏል። ገቢው ማደግ አለበት፤ ማዳበሪያውም መምህሩም ምርምሩም ከዚያ ነው የሚከፈሉት። ነገር ግን በቀጣዩ መከር ወረዳዎቹ የመሬት መጠቀሚያውን የመሰብሰብ ዕቅዳቸውን ሲያጸድቁ፣ በዚያው ስብሰባ ላይ ባለፈው ዓመት ስንዴው በስንት ተተምኖ በስንት ተሸጠ፣ ልዩነቱስ በወረዳው ጠቅላላ ኩንታል ሲባዛ ስንት ይሆናል የሚለው ቁጥር ከተሰበሰበው ግብር አጠገብ ተጽፎ ለአባላቱ ሊቀርብላቸው ይገባል።